ሥራ ፍለጋ በሰው አገር፤ ከደብረ ወርቅ የሚወጣው ሰው ስለሚጠየቀው ዋስ

በአማርኛ «አገር» የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪውና እንደ ቦታው ይሰፋል፣ ይጠብባል። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሲነገር መላውን ኢትዮጵያ ያመለክታል፤ በደብረ ወርቅ ገበያ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው የተወለደበትን፣ ቤተ ዘመዱ ያረሰውንና የተቀበረበትን ጠባብ ምድር ያመለክታል። ስለዚህ ከደብረ ወርቅ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ ሰው፣ የኢትዮጵያን ወሰን ገና ሳያልፍ፣ «ሰው አገር ገባ» ይባላል። በዚህ አነጋገር «ሰው» ማለት «ሌላ ሰው» ማለት እንደ ሆነ፣ «ሰው አገር»ም ባለቤቱ ሌላ የሆነ ምድር እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሰው አገር ሥራ የሚፈልገውን ሰው ነው። ሰውዬው ሁመራ ቢወርድ፣ አዲስ አበባ ቢገባ፣ ጅዳ ወይም ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ቢደርስ በየዕለቱ የሚደርስበት መጉላላት መልኩ ልዩ ልዩ ነው። ቋንቋ ይቸግራል፣ ክፍያ ያንሳል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ቀጠሮ ይፈርሳል። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ መዘርዘር ከዚህ መጽሔት ዓላማ ውጭ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከብዙዎቹ በስተጀርባ አንድ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም «ማን ያውቅሃል?» የሚለው ነው። ጥያቄው በየአገሩ ስሙን ይለውጣል፤ በአንዱ ዘንድ ዋስ፣ በሌላው ዘንድ መሸኛ፣ በሌላው ዘንድ ከፊል፣ በሌላው ዘንድ የአገር ውስጥ የሥራ ልምድ ይባላል። የደብረ ወርቅ ሰው ስለዚህ ጥያቄ ከቤቱ ይዞት የሚወጣ ትምህርት አለው። ያ ትምህርት በአንዳንድ ሥፍራ ይጠቅመዋል፤ በአንዳንድ ሥፍራ ግን ራሱ መሰናክል ይሆንበታል።

ደብረ ወርቅ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኝ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ከጥንታዊው ከደብረ ወርቅ ማርያም ደብር የመጣ ነው። በዙሪያዋ ያለው ምድር ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል ነው። በዚህ ምድር ላይ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ የኖረው የርስት ሥርዓት ነበረ። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ወደ አቅኚው አባት የሚቆጠር ትውልድ ካለው ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ሁልጊዜ ይሳካለታል ማለት አይደለም፤ ክርክሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን ተከራካሪው የሚጠየቀው ምን ያህል መሥራት እንደሚችል ሳይሆን የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። ዘር መቁጠር የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ምስክር ይሆኑለታል። «ባላገር» የሚለው ቃል ከዚህ የተገኘ ነው፤ ባለ አገር፣ ማለት አገር ያለው ሰው። ይህ የክብር ስም ዓባይን ሲሻገር የደረሰበትን መመልከት ያስደንቃል፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ «ባላገር» የሚባለው አሠራር የማያውቅ፣ መኪና ሲመጣ የሚደናገጥ ሰው ነው። አገር ያለው ሰው አገሩን ለቅቆ በወጣ ጊዜ፣ በባለቤትነት የተጠራበት ቃል መሰደቢያው ሆነ።

በርስት የሚገኘው መታወቅ ምን ያህል የተወደደ እንደ ነበረ፣ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች የተነሣው ዓመፅ ያስረዳል። ግብሩ ራሱ ከብዷቸው ብቻ አልነበረም፤ መሬት ከተለካ ርስት ይጠፋል የሚለው ሥጋት ሕዝቡን አስነሥቶታል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የድርሻ መሠረቱ ከትውልድ ወደ ነዋሪነት ተዛወረ። በ1989 ዓ.ም. በጎጃም የተደረገው የመሬት ድልድልም ለብዙዎች ሰጥቶ፣ «ቢሮክራሲ» እና «ፊውዳል» ተብለው ከተፈረጁት ላይ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ሰፊ ድልድል ስላልተደረገ፣ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰው ወጣት ከወላጆቹ ጥቂት ቦታ ተካፍሎ ወይም ተጋዝቶ ከማረስ በቀር ድርሻ የለውም። በትውልድ የታወቀ ነው፤ መሬት ግን የለውም። እንግዲህ የሚወጣው ሰው ይህ ነው።

የቅርቡ ሰው አገር የሰሊጡ ቆላ ነው። በሁመራ፣ በአብደራፊና በመተማ ሰሊጥ በክረምት ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል። ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ ባለ እርሻውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋል። የደጋው ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚታጨድ፣ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ወደ ቆላ ወርዶ ለራሱ አዝመራ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱ የአዝመራ ወራት እንዲህ ባይገጣጠሙ ኖሮ ይህ ጉዞ ባልተለመደም ነበር። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ እንዲደርቅ እየተደገፈ የሚቆመው ክምር ሂላ ይባላል፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በሂላ ቁጥር ነው።

በዚህ ሥፍራ ዋስ የሚጠይቅ የለም። ሥራው አጭር ነው፣ የሠራተኛው ጉልበት በዓይን ይታያል፣ ሂላው ይቆጠራል። ከዚህም በላይ ሰዎቹ ከአንድ አጥቢያ በቡድን ስለሚወርዱ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ ከመካከላቸው አንደበት ያለው አንዱ ዋጋውን ይዋዋላል። የሚያስመርረው ሌላ ነው። ሠራተኛ በበዛበት ሳምንት ዋጋ ይወድቃል፤ ቆጣሪው የባለ እርሻው ሰው ስለ ሆነ ቁጥር ያከራክራል፤ ደጋ በነበሩ ጊዜ የማይሻሩት በዓላት በቆላ ይሻራሉ። በመተማና በሁመራ አካባቢ ለወራት ብቻ የሚወርደውን አዲስ ሠራተኛ «ሀበሻ»፣ ዓመታት የቆየውን ደግሞ «ሳሉግ» ብለው መለየታቸው ለእኛ ጥናት ጠቃሚ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሆኖ በዚህ ሥፍራ «ሀበሻ» ማለት እንግዳ ማለት ሆኗል።

የቆላው እውነተኛ አደጋ ግን ሕመም ነው። በዋልካ መሬት ላይ፣ በግራር ጥላ ሥር የሚያድር ደገኛ ወባ ብቻ ሳይሆን የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ይይዘዋል። ካላዛር ቀስ ብሎ የሚገድል በሽታ ነው፤ ትኩሳቱ ይቆያል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ሰውዬው ከጓደኞቹ ጋር ሳለ ቢታመም የሚያነሣው አለ። ከቡድኑ ተነጥሎ ሳሉግ ከሆነ በኋላ ቢታመም ግን «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅለት አይገኝም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ይህን መንገድ እጅግ አስጨናቂ አድርገውታል። መንገደኛውን በየኬላው የሚጠብቀውም ያው ጥያቄ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ማን ያውቅሃል።

ወደ አዲስ አበባ የገባው ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ያገኘዋል። በጋዜጣና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች ያነበበ ሁሉ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ወይም «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ሐረግ ያውቀዋል። ለዘበኛ፣ ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ለሹፌር ይህ ሳይሟላ ሥራ አይገኝም። ዋስትና በአገራችን ጥንታዊ ነገር ነው። በቀድሞው ሙግት ተከራካሪዎቹ ገና ነገር ሲጀምሩ ዋስ ይጠራሉ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ዋስትና ራሱን የቻለ ክፍል አለው። «ተያዥ» የሚለው ቃል ግን ከ«ዋስ» ይልቅ ነገሩን በግልጽ ይናገራል፤ ሠራተኛው ቢያጠፋ የሚያዘው እርሱ ነው። ስለዚህም አሠሪው ተያዡ ራሱ ቋሚ ደመወዝ ያለው እንዲሆንና ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንዲያመጣ ይጠይቃል።

የችግሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። በደብረ ወርቅ ዋስ የሚሆን ሰው በገበያ ቀን ብዙ ይገኛል፤ ሁሉም ገበሬ ነው፣ ከብት አለው፣ ቤት አለው። አዲስ አበባ ላይ የሚፈለገው ዋስ ግን ባለ ደመወዝ ነው፤ ባለ ደመወዝ የሆነ ዘመድ ያለው ወጣት ደግሞ ከመጀመሪያውም በዘበኝነት ባልተቀጠረም ነበር። ስለዚህ ዋስ የሌለው ሰው ወይ ዋስ ወደማይጠየቅበት ሥራ ይሄዳል፤ ይህም ሸክም፣ የግንባታ የቀን ሥራ፣ ሎተሪ ማዞር ነው፤ ወይም ወደ ደላላ ይሄዳል። ደላላው የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ከፊሉን ይቀበላል። ደላላን ሁሉም ይረግመዋል፤ ሆኖም ነገሩን በጥሞና ላየ ሰው ደላላ የሚሸጠው ሥራ ሳይሆን መታወቅ ነው። አሠሪዋ ደላላውን ታውቀዋለች፣ ደላላው ልጁን «አውቀዋለሁ» ይላል። ትላንት አይቶት ቢሆንም ይላል።

ከዋሱ ጋር መታወቂያ አለ። የአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። ቃሉ የመልካም ልማድ ቃል ነው፤ እንግዳ ሲሄድ ባለቤቱ እስከ መንገድ ይሸኘዋል። በወረቀት ላይ ሲሆን ግን መሸኛ ሰውዬው ከዚያ ወጥቷል፣ ከዚያ አይቆጠርም የሚል ማስረጃ ነው። ብዙ ወጣቶች መሸኛ ለማውጣት የሚያመነቱት በስንፍና ሳይሆን፣ ከትውልድ ቀበሌያቸው ስማቸው ከተሰረዘ የወላጅ መሬት ሲከፋፈል እንቆጠር ይሆን ብለው ስለሚሠጉ ነው። በዚህ የተነሣ በአንዱ አገር ላለመሰረዝ ሲል በሌላው አገር ሳይመዘገብ ዓመታት የሚኖር ሰው ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ደጅ ጥናት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓት ሹመትም ሆነ ሥራ የሚፈልግ ሰው ወደ ባለ ሥልጣኑ ደጅ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ነገም ይመለሳል። መመላለሱ የሚያሳፍር አልነበረም፤ የመጽናቱ ማስረጃ ነበር። ባለ ሥልጣኑ ሰውዬውን ለመቅጠር የሚያበቃውን እውቀት ያገኝ የነበረው ከዚሁ ከመቆሙ ነው፤ ሦስት ወር ደጅ የጠና ሰው ፊቱ ይለመዳል፣ ጠባዩ ይታያል፣ በመጨረሻም «ያ ልጅ» ይባላል። እንግዲህ ደጅ ጥናት የማይታወቅ ሰው ራሱን የሚያሳውቅበት ሥርዓት ነበረ። ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ያዋረደው ይመስለናል፤ በአንድ በኩል ማመልከቻ በመስኮት እየተቀበለ፣ በሌላ በኩል መመላለስን ስላልተወ፣ ሰውዬው ይመላለሳል፣ ፊቱን ግን የሚለምድለት የለም።

ከደብረ ወርቅ የሚወጣው ሰው ግን ሌላም ልማድ ያውቃል፤ ይህም በትምህርት ቤት አካባቢ ያደገ ሁሉ ያየው ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ትምህርቱን በተወለደበት ቀዬ አይፈጽምም። ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም ጉባኤዎች የሚመጣው ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ነው፤ የጎጃሙ ደግሞ ድጓ ለመመስከር ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ይሄዳል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ በሽታ ይጥለዋል። ማንም የሰው አገር ኑሮ ከዚህ የበለጠ የከበደ አይደለም። ሆኖም ይህ እንግዳ ዋስ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከማን ተማርህ፣ ምን ያህል ታውቃለህ። ለሁለተኛው መልሱ በቃል አይደለም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ መቁጠርና መዝረፍ የሚችል ሰው፣ በበዓል ቀን በማኅሌት ቆሞ ቅኔውን ሲናገር አለቃውና መምህራኑ ይሰሙታል፤ ሲጨርስም የት እንደ ደረሰ ታውቋል። የመጣበትን የማያውቁት ሰዎች በአንድ ቀን አወቁት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የማንኩሳው ተወላጅ በዛብህ በዲማ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት በአስተማሪነት የገባው በዕውቀቱ ነው። ቤት ያስገባው ዕውቀት ሆኖ፣ በቤቱ ሊያኖረው ያልቻለው ዘር መሆኑን ደግሞ መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል።

ስለዚህ የደብረ ወርቅ ሰው የማይታወቅን ሰው ለማወቅ ሁለት መንገድ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው፤ አንዱ የሰው ምስክርነት ነው፣ ሁለተኛው በጉባኤ ፊት ችሎታን ማሳየት ነው። ባሕር ማዶ የሚጠብቁት ሥርዓቶች እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደሚያጣምሟቸው እንመልከት።

በዐረብ አገሮች የሚሠራበት ሥርዓት ከፋላ ይባላል። ከፋላ በዐረብኛ ዋስትና ማለት ነው፤ ከፊልም ዋስ ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ቃሉ ሲተረጎም የታወቀ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን ተገላቢጦሽ ነው። በአገራችን ዋስ ማለት ከአሠሪውና ከሠራተኛው መካከል የሚቆም ሦስተኛ ሰው ነው፤ ለአሠሪው ይያዝለታል፣ ሠራተኛውም ቢበደል ሊናገርለት ይችላል። በከፋላ ሦስተኛ ሰው የለም፤ አሠሪውና ዋሱ አንድ ሰው ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በከፊሉ ስም የታሰረ ስለ ሆነ፣ ከአሠሪዋ ጋር የተጣላች የቤት ሠራተኛ በዚያው ቅጽበት ዋሷንም ታጣለች፤ ቤቱን ለቅቃ ከወጣችም ሕገ ወጥ ትሆናለች። ደመወዝ ስትከለከል፣ ፓስፖርቷ ሲያዝ፣ ወደ ማን ትክሰስ? ይህ መንገድ በወሎ ይበልጥ የተለመደ ቢሆንም ከጎጃምም አያሌ ሴቶች ሄደውበታል።

የዚህ ሥርዓት ውጤት በጅምላ የታየባቸው ጊዜያት አሉ። ሳዑዲ ዐረቢያ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ባካሄደችው አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ዓመት ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ተጓዦች ስምንተኛ ክፍል እንዲጨርሱና እንዲሠለጥኑ አዝዞ ነበር፤ ሥልጠናው ግን ስለ ማጠቢያ መኪናና ስለ ምድጃ እንጂ ዋስ ስለ ማጣት ሊሆን አይችልም። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። ሳዑዲ ዐረቢያ በእ.ኤ.አ. 2021 ሠራተኛ ከአሠሪ ወደ አሠሪ እንዲዛወር የሚፈቅድ ማሻሻያ ስታወጣም የቤት ሠራተኞችን ከዚያ ውጭ አድርጋቸዋለች።

በአሜሪካና በካናዳ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ይጠምማል። በዚያ ዋስ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው በወረቀቱ ይታወቃል ይባላል። ወረቀቱ ግን የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። በመጀመሪያ ስም ይቸግራል። ቅጹ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ያለው የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው። የአባቱን ስም ሲጽፍ በሥራ ቦታ ሁሉ በሞተ አባቱ ስም ይጠራል፣ ከሚስቱም ጋር ስማቸው ስለማይገጥም ባልና ሚስት መሆናቸውን እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በዲፕሎማው ላይ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ከተገኘ ሁለት ሰው ይሆናል።

ከስሙ ይልቅ ግን ዘመኑ ይጎዳዋል። አንድ ሰው በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ በመስከረም 2002 ዓ.ም. ሥራ ገባ እንበል። ዲፕሎማው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ግን በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ እ.ኤ.አ. 2009 ይላል። አንባቢው ልዩነቱን አያውቅም። ስለዚህ በ2001 ተመርቆ እስከ 2009 ድረስ ስምንት ዓመት ሥራ ያልያዘ ሰው ያያል፤ ደብዳቤውንም ወደ ጎን ያደርጋል። አመልካቹ ሁለት ወር እንኳ ሥራ አልፈታም ነበር። ለምን እንዳልተጠራም የሚነግረው ስለማይኖር፣ ምክንያቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል።

ወረቀቱ ቢያልፍ ቃለ መጠይቅ ይመጣል። «ስለ ራስህ ንገረን» ይባላል። በደብረ ወርቅ ባደገ ሰው ጆሮ ይህ አስቸጋሪ ትእዛዝ ነው። ራሱን የሚያወድስ ሰው ጉረኛ ነው፤ ችሎታውን ሌላ ይናገርለታል፣ እርሱ ግን «ምን አውቄ» ይላል። ሰው ራሱን ከፍ አድርጎ የሚናገርበት የታወቀ ጊዜ በፉከራ ነው፤ እርሱም የሠራውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው፣ ቢዋሽ የሚያጋልጠው አለና። ማንም በማያውቀው ጉባኤ ፊት ራስን ማወደስ ከሁለቱም ወገን የሌለ ነገር ነው። በቅኔው ጉባኤ ሰው ራሱን አያወድስም፤ ቅኔውን ይናገራል እንጂ። በዚያ ጠረጴዛ ፊት ግን ሥራውን አሳየን የሚለው እምብዛም ነው፤ ስለ ሥራው እንዲያወራ ይጠየቃል። ዓይኑን ሰበር ማድረጉ አክብሮት ነው፤ ከፊቱ ለተቀመጡት ግን አንድ ነገር የሚደብቅ ይመስላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር ይማር በነበረበት ዘመን ለዕረፍት ወራት ሥራ ሊጠይቅ በገባበት በአንድ ሱቅ ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት፣ የትውልድ አገሩንና የመምህሮቹን ስም በቅደም ተከተል ሲናገር፣ ጠያቂው በትዕግሥት ሰምቶ «ስለ አንተ ነው የጠየቅሁህ» አለው። በእኛ ዘንድ የተናገረው ሁሉ ስለ ራሱ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው በካናዳ «የካናዳ የሥራ ልምድ» የሚባለው ነው። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የሒሳብ አዋቂው በአገሩ የሠራው ዓመት አይቆጠርለትም፤ የካናዳ ልምድ ይኑርህ ይባላል፣ ያን ልምድ የሚያገኝበትን ሥራ ደግሞ ያለዚያ ልምድ የሚሰጠው የለም። የኦንታርዮ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በእ.ኤ.አ. 2013 ባወጣው መመሪያ ይህን መጠየቅ በአብዛኛው አድልዎ መሆኑን ገልጿል፤ በ2024 የወጣ የዚያው ክፍለ ሀገር ሕግም በሥራ ማስታወቂያ ላይ እንዳይጻፍ ከልክሏል። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን የጥያቄው ባሕርይ ነው። ልምዱ የሚፈለገው ለችሎታ ማስረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በፈተና ይታወቅ ነበር። የተፈለገው ከእኛ ወገን አንድ ሰው ከዚህ በፊት አምኖ ቀጥሮት እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ይህ ዋስ ነው። ስሙ በሌላ ቃል ስለ ተሸፈነ ግን ሰውዬው ዋስ ፍለጋ እንደ ተላከ አያውቅም፤ ዕውቀት የጎደለው መስሎት ሌላ ሰርተፊኬት ለማግኘት ገንዘቡንና ዓመቱን ይጨርሳል።

አሥር ዓመት በጉባኤ የተቀመጠው የቅኔ መምህርስ? በዲቪ ሎተሪ ለመሄድ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። እርሱ በማታ ትምህርት ያን አሟልቶ ቢደርስ፣ በሥራ ቅጹ ላይ «ትምህርት» በሚለው ሣጥን ውስጥ የሚጽፈው ያንኑ የማታ ትምህርት ነው። መወድስ የሚገባበት ሣጥን የለም።

በዚህ ሁኔታ ሥራ የሚገኘው በአገር ልጅ በኩል ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን በመኪና ማቆሚያ ቤቶችና በታክሲ ሥራ የተሰማሩት ስለዚህ ነው፤ ቀድሞ የገባው ለአለቃው «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ አዲሱን ያስገባል፤ እርሱም ሌላውን። በአዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ መሰባሰባቸው፣ ከጎጃም የወጡ ወጣቶች በዘበኝነት መብዛታቸው ከአንድ ሥር የመነጨ ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው ይህን የዘር ጠባይ ወይም የሥራ ምርጫ አድርጎ ይተረጉመዋል። በእውነቱ ግን የዋስ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱም የሚደርሰው ዋሱ እስከ ቆመበት ድረስ ብቻ ነው። መሐንዲሱን መኪና ማቆሚያ ያስገባው ወንድሙ ወደ መሐንዲሶች ቤት ሊያስገባው አይችልም፤ በዚያ የሚያውቀው የለምና። የመጀመሪያውን ዕዳ ለመክፈልና ለእናቱ ሐዋላ ለመላክ ብሎ የያዘው ሥራ ሃያ ዓመት ይቆያል።

ወደ ቤት የሚደርሰው ወሬ ስለ ሥራው ዓይነት ዝም ይላል። «ሥራ አገኘሁ» ይባላል፤ ምን ሥራ እንደ ሆነ አይነገርም። ቤተ ሰቡም አጥብቆ አይጠይቅም፤ ብሩ መድረሱን ያያል፣ ሌላው ልጅ ደግሞ መቼ እንደሚወሰድ ይጠይቃል። ታላቁ ያልተናገረውን ታናሹ አያውቅም፤ ወንድሙ ዋስ እንደሚሆነው ተማምኖም ይነሣል።